አርጤምስን ፍለጋ

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19ን ያነበበ የኤፌሶንን ግርግር ያስታውሳል። የጳውሎስ ስብከት ገበያውን እንዳይዘጋበት የሰጋው ብር ሠሪ፣ የሴት አምላኳን የአርጤምስን ቤተ መቅደስ ምስል እየሠራ የሚሸጠው ድሜጥሮስ፣ ባልንጀሮቹን አነሣሥቶ ሕዝቡን ወደ ቲያትሩ አስወጣው። ቲያትሩ ዛሬም በቱርክ፣ ከሴልቹክ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ተራራ ተደግፎ ይታያል። የጠቡ መነሻ የሆነው የአርጤምስ ቤተ መቅደስ ግን፣ ከዓለም ሰባት ድንቆች አንዱ ነው ሲባል ኖሮ፣ የት እንደነበረ እንኳ ጠፍቶ ነበር።

በ1863 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆን ተርትል ዉድ የሚባል እንግሊዛዊ አርክቴክት ፍለጋ ጀመረ። ወደዚያ አገር ያመጣው የባቡር ጣቢያ ንድፍ ሥራ ነበር። ሜዳውን እዚህም እዚያም ቢያስቆፍር ጠብ የሚል ነገር አጣ።

በ1866 ቲያትሩን ሲቆፍር ረጅም የግሪክኛ ጽሑፍ ብቅ አለ። በ104 የተጻፈ የስጦታ ውል ነው፤ ሳሉታሪስ የተባለ ባለጸጋ ለከተማዋ የወርቅና የብር ምስሎች ሰጥቷል። ምስሎቹ በበዓል ቀን ከቤተ መቅደሱ ወጥተው በማግኔዥያ በር ይገባሉ፣ ቲያትሩ ይደርሳሉ፣ በሌላ በር ወጥተው ይመለሳሉ ይላል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፦ ብር ሠሪዎቹ በጮኹበት ቲያትር፣ መንገዱን ያሳየው ስለ ብር ምስሎች የተጻፈ ድንጋይ ሆነ።

ዉድ ነገሩ ገባው። በሩን ካገኘ መንገዱን ያገኛል፤ መንገዱ ደግሞ ቤተ መቅደሱ ደጃፍ ሳይደርስ አይቆምም። የማግኔዥያን በር አገኘ። ከበሩ የሚወጣው መንገድ ትልልቅ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ የሠረገላ ጎማ የቦረቦረው ነበር። እሱን ተከትሎ ተራራውን በመቃብሮች መካከል ዞረ። በ1869 ከአንድ አጥር ግንብ ጋር ተላተመ፤ በላዩ የንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ስም በላቲንና በግሪክኛ ተቀርጿል። የዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀን፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 1862 እንደኛ አቆጣጠር፣ ወንዝ ባመጣው ደለል ውስጥ ስድስት ሜትር ያህል ወርዶ የእብነ በረድ ወለሉን ነካ።

ዛሬ ቦታውን የሚጎበኝ ሰው ቅር ቢለው አይፈረድበትም፤ ውሃ የሚተኛበት ጉድጓድና ከስብርባሪ የተቀጣጠለ አንድ ዓምድ ነው። ምርጦቹ የዓምድ ክፍሎች ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተዋል። ዉድ በ1874 ሥራውን አቆመ። በ1904 ዴቪድ ሆጋርት የተባለ አርኪዮሎጂስት መጥቶ፣ ውሃውን በፓምፕ እያስወጣ፣ ዉድ ካገኘው ሕንፃ ሥር ወደ ቀደሙት መሠረቶች ወረደ፤ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጌጦች ጋር፣ በዓለም ከታወቁት ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ውስጥ የሚቆጠሩ ሳንቲሞችን አወጣ።