የሰዓት መስተዋት የሚጫረው በምንድን ነው?

የእጅ ሰዓት ለመግዛት ወደ ሱቅ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ትርኢት ይቀርብለታል። ሻጩ ሰዓቱን ከሣጥኑ አውጥቶ መስተዋቱን በምስማር ወይም በቍልፍ ጫፍ እየደጋገመ ይጭረዋል፤ ከዚያም በጨርቅ ወልውሎ አንዳች ምልክት እንዳልቀረበት ካሳየ በኋላ፣ «ይህ ሰንፔር ነው፤ ከቶ አይጫርም» ይላል። ገዢውም በዐይኑ ያየውን ስለሚያምን የተጠየቀውን ዋጋ ይከፍላል። ነገር ግን ይህ ፈተና የሚያረጋግጠው ነገር ቢኖር መስተዋቱ ፕላስቲክ አለመሆኑን ብቻ ነው። ተራ የብረት ምስማር ተራውን የመስኮት መስተዋት እንኳ ሊጭረው አይችልም፤ ከሁለቱ የሚለሰልሰው ምስማሩ ነውና። አንዳንድ ጊዜ በመስተዋቱ ላይ የሚታየው ግራጫ መስመርም የመስተዋቱ ቍስል ሳይሆን ከምስማሩ ተፍቆ የቀረ ብረት ነው።

እንግዲህ የሰዓትን መስተዋት የሚጭረው ተራው ብረት ካልሆነ ምንድን ነው? መልሱ ከምስማር እጅግ ያነሰ፣ ነገር ግን በየቦታው የሚገኝ ነገር ነው፤ እርሱም አቧራ ነው።

ይህን ለመረዳት ፍሪድሪክ ሞስ የተባለውን ጀርመናዊ የማዕድን ሊቅ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሞስ በ1773 ዓ.ም. ተወልዶ (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) በ1839 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር አጎርዶ በተባለች ከተማ ያረፈ ሰው ነው። ከ1812 ዓ.ም. ጀምሮ በኦስትሪያ አገር በግራትስ ከተማ በማዕድናት ጥናት ሲሠራ ሳለ ሕፃን እንኳ ሊረዳው የሚችል ደንብ አወጣ። ደንቡም፣ ከሁለት ድንጋዮች አንዱ ሌላውን ከጫረው ጫሪው በጥጥርነት ይበልጣል የሚል ነው። በዚህ መሠረት ዐሥር ማዕድናትን መርጦ ከ1 እስከ 10 አሰለፋቸው። ከሁሉ በታች በጥፍር የሚፋቀው ታልክ አለ፤ 2ኛው ጄሶ የሚገኝበት ድንጋይ ነው፤ በ7ኛው ላይ ኳርትዝ፣ በ9ኛው ላይ ኮረንዱም፣ በ10ኛው ላይ አልማዝ ይገኛሉ። ደረጃዎቹ ግን እንደ መሰላል መወጣጫ እኩል የተራራቁ አይደሉም፤ በሌላ መሣሪያ ሲለካ አልማዝ ከጎኑ ያለውን ኮረንዱምን እንኳ ብዙ እጥፍ ይበልጠዋል።

ተራው የሰዓት መስተዋት በዚህ ሰልፍ ውስጥ የሚቆመው በ5ኛውና በ6ኛው አካባቢ ሲሆን የብዙ አሸዋ ዋና ክፍል የሆነው ኳርትዝ 7ኛ ነው። የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ይህ ነው። ነፋስ ከምድረ በዳ አንሥቶ የሚያመጣው፣ መኪና ከመንገድ የሚያስነሣው፣ በጠረጴዛና በልብስ ላይ የሚያርፈው አቧራ በውስጡ ለዐይን የማይታዩ የኳርትዝ ቅንጣቶችን ይዟል። ባለ ሰዓቱ ጊዜውን ለማየት ሲፈልግ መስተዋቱን በእጅጌው ጠረግ ያደርገዋል፤ በዚያች ቅጽበት ቅንጣቶቹ በመስተዋቱ ገጽ ላይ እየተጐተቱ ያርሱታል። ስለዚህ መስተዋትን በዓመታት ውስጥ ጉም የለበሰ የሚያስመስለው ብዙ ጊዜ አንድ ትልቅ አደጋ ሳይሆን፣ ለንጽሕና ተብሎ በየቀኑ የሚደረገው መወልወል ነው። የአሸዋ ነፋስ በሚጐበኘው በቀይ ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ነገሩ በበረዶ አገር ከሚኖረው ይልቅ ይከብደዋል።

ሰንፔር ማለት በሞስ ሰልፍ 9ኛ የሆነው ኮረንዱም ነው። ኳርትዝ አይጭረውም፤ ብረትም ምንም አያደርገውም። ስለ ስሙ ግን አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሰንፔር ተብሎ የተጠራው ዕንቍ ዛሬ በዚህ ስም የምንጠራው ሳይሆን ላፒስ ላዙሊ የሚባለው ሰማያዊ ድንጋይ እንደ ነበረ ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ፤ ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒዎስ ስለ ሰንፔር ሲተርክ በውስጡ የወርቅ ነጠብጣብ እንደሚታይ መግለጹ ለዚህ ምስክር ነው። ላፒስ ላዙሊ ደግሞ ከተራ መስተዋት በጥጥርነት የማይበልጥ ድንጋይ ነው። ስሙ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው ተሻገረ እንጂ የጥንቱ ሰንፔር ለሰዓት መስተዋት ባልበቃም ነበር።

የዛሬው ሰንፔር አሉሚኒየምና ኦክሲጅን ተዋሕደው የሚያስገኙት ክሪስታል ነው። ጥቂት ክሮሚየም ሲገባበት ቀልቶ ሩቢ ይባላል፤ ብረትና ቲታኒየም ሲገቡበት ሰማያዊ ይሆናል፤ ባዕድ ነገር ያልገባበት እንደ ሆነ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው። በኢትዮጵያም በአክሱም አቅራቢያ ጭላ በተባለው ስፍራ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ሰማያዊ ሰንፔር ተገኝቶ ለገበያ ወጥቷል። ይሁን እንጂ የሰዓት መስተዋት የሚሠራው ከመሬት ተቈፍሮ ከወጣው ዕንቍ አይደለም። ኦጉስት ቬርኑይ የተባለው ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በ1902 ዓ.ም. ባስታወቀው ዘዴ፣ የደቀቀ የአሉሚና ዱቄት ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን በሚነዱበት ነበልባል መካከል ከላይ ወደ ታች ይነሰነሳል። ሙቀቱ ከ2,000 ዲግሪ ስለሚበልጥ ዱቄቱ ቀልጦ እንደ ሰም ጠብታ ከታች ባለው ዘንግ ላይ ያርፋል፤ ጠብታው በጠብታው ላይ እየረጋም የክሪስታል ጕማጅ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ጕማጁ በአልማዝ መጋዝ ተሰንጥቆ በአልማዝ ዱቄት ይለሰልሳል። ዋጋውን የሚያስወድደው የድንጋዩ ብርቅነት ሳይሆን ይህ አድካሚ የቈረጣና የማለስለስ ሥራ ነው።

ሰዓት ከዕንቍ ጋር የተዋወቀው ግን በመስተዋቱ በኩል አይደለም። ኒኮላ ፋሲዮ የተባለ የስዊስ ተወላጅ ሊቅ በ1704 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ከሁለት ሰዓት ሠሪዎች ጋር በመሆን፣ የተበሳ ዕንቍ ለሰዓት ዘንግ መሽከርከሪያ እንዲሆን የፈጠራ መብት አግኝቶ ነበር። በአሮጌ ሰዓቶች ላይ «17 ሩቢ» የሚል ጽሑፍ የሚነበበውም ስለዚሁ ነው። ለጌጥ የገባ ውድ ዕንቍ የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን በፋብሪካ የተሠራ የጤፍ ፍሬ የሚያህል ነገር ስለ ሆነ ለብቻው ቢሸጥ የሻይ ዋጋ እንኳ አያወጣም።

ታዲያ ሰንፔር ይህን ያህል የሚበልጥ ከሆነ ሰዓት ሁሉ ስለ ምን በእርሱ አይሠራም? ዋጋው አንድ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ብቸኛው አይደለም። ጭረትን መከላከል አንድ ነገር ሲሆን ምትን መቻል ሌላ ነገር ነው። ባልጩት ሥጋ የሚቈርጥ ስለት ያወጣል፤ ከዐለት ላይ ቢወድቅ ግን ይሰባበራል። እንጨት በጥፍር ይጫራል፤ ቢወድቅ ግን ምንም አይሆንም። ሰንፔርም እንደ ባልጩቱ ነው፤ አይተጣጠፍም፣ አይሰረጕድም፣ ስለዚህ ጠርዙን ክፉ ምት ያገኘው እንደ ሆነ ይሸረፋል ወይም ይሰነጠቃል።

በ1933 ዓ.ም. በጀርመን አገር ፕሌክሲግላስ በሚል ስም ለገበያ የቀረበው የጠራ ፕላስቲክ የዚህ ተቃራኒ ነው። በምስማር ይቅርና በሸሚዝ ቍልፍ ሊጫር ይችላል፤ ሲመታ ግን ጐበጥ ብሎ ይመለሳል፤ ቢሰነጠቅም እንደ ብርጭቆ አይበታተንም። ጭረቱም በጥርስ ሳሙና ታሽቶ ሊጠፋ ይችላል፤ ይህ ዕድል ለብርጭቆም ለሰንፔርም አልተሰጠም። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ በ1965 ዓ.ም. ፈትኖ ለጠፈር ተጓዦቹ የተቀበለው ኦሜጋ ስፒድማስተር የፕላስቲክ መስተዋት ያለው ነበር። በዝ ኦልድሪን በ1969 ዓ.ም. በጨረቃ ላይ ሲራመድ በክንዱ የታሰረው ይኸው ሰዓት ነው። ክብደት በማይታወቅበት ጠባብ ክፍል ውስጥ የብርጭቆ ስባሪ ወለል ላይ አይወድቅም፤ ሲንሳፈፍ ይኖራል፤ ወደ ዐይንና ወደ ሳንባም ሊገባ ይችላል። በዚያ ስፍራ ጭረት ምን ቁም ነገር ነው? ፕላስቲኩም ቢሆን ነቀፋ አላጣም፤ በ1971 ዓ.ም. የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት በጨረቃ ላይ ሲሠራ የሰዓቱ መስተዋት ከክፈፉ ተፈንቅሎ ስለ ወጣ፣ በግሉ ይዞት የሄደውን ሌላ ሰዓት ለማሰር ተገድዷል።

በሁለቱ መካከል «ሚኔራል» የሚባለው መስተዋት አለ። ስሙ ግርማ አለው፤ ነገር ግን ከብርጭቆ በቀር ሌላ አይደለም። አንዳንዱ በቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ተነክሮ ይጠነክራል፤ በገጹ ያለው ደቃቅ ሶዲየም ወጥቶ በቦታው ተለቅ ያለው ፖታሲየም ስለሚገባ፣ የመስተዋቱ ገጽ በበዓል ቀን እንደ ተጨናነቀ ሕዝብ እርስ በርሱ ይጋፋል፤ ስንጥቅም መንገድ ያጣል። የእጅ ስልክ መስተዋት በብዛት የሚጠነክረው በዚሁ ዘዴ ነው። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2015 ዓ.ም. ሰዓት ሲያወጣ፣ ለስፖርት የታሰበውን ርካሹን በእንዲህ ያለ መስተዋት፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራውን ደግሞ በሰንፔር አድርጎት ነበር። የጠነከረው መስተዋት ምትን በተሻለ ይችላል፤ ኳርትዝ ግን አሁንም ያሸንፈዋል።

ሰንፔር ያለው ሰውም የሚጠነቀቅበት ነገር አለው። የአልማዝ ቀለበት ይጭረዋል፤ የመሳያ ድንጋይም እንዲሁ። አናጢዎች «የብርጭቆ ወረቀት» የሚሉት ማለስለሻ በስሙ ብርጭቆ ይሁን እንጂ ዛሬ በብዛት የሚለበጠው በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ማለት በሰንፔሩ በራሱ ወንድም ነው። ከዚህም በላይ ሰንፔር ብርሃንን አብዝቶ ይመልሳል፤ ምንም ካልተቀባ በላዩ ከሚወርደው ብርሃን ከመቶ 15 ያህሉን ይመልሳል፤ ብርጭቆ ግን 8 ያህል ነው። ይህን ለመቀነስ ሰዓት ሠሪዎች ስስ ልባጥ ይቀቡታል። ልባጡ በውጭ በኩል የተቀባ ከሆነ እርሱ ራሱ ይጫራል፤ ባለቤቱም ሰንፔሩ የተጫረ መስሎት ሻጩን አታለልኸኝ ይላል፤ በዚህ ጊዜ ሻጩ በደል የለበትም።

በደሉ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ተራ ብርጭቆ በላዩ ስስ የሰንፔር ልባጥ ተደርጎበት «ሰንፔር» ተብሎ የሚሸጥበት ጊዜ አለ፤ ልባጡ ሲያልቅ ከሥሩ የሚገኘው ያው ብርጭቆ ነው። ገዢ በሱቅ ውስጥ ሊያደርጋቸው የሚችሉ ሁለት ቀላል ፈተናዎች ይታወቃሉ። የውኃ ጠብታ በንጹሕ ሰንፔር ላይ ክብ ሆኖ ይቆማል፤ በብርጭቆ ላይ ይንጣለላል። ሰንፔር ሙቀትን ፈጥኖ ስለሚስብ ከከንፈር ጋር ሲነካካ ከብርጭቆ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ሁለቱም ልባጥ ወይም ቅባት ካለ ስለሚያሳስቱ ብቻቸውን አይታመኑም። ከምስማሩ ትርኢት ይልቅ የሚጠቅመው፣ በደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ሰንፔር» ነው ወይስ «በሰንፔር የተለበጠ» ብሎ ማንበብ ነው።

በጋራዥ ወይም በግንብ ሥራ ለሚውል ሰው ዋጋው የቀለለ የፕላስቲክ መስተዋት ሊበጀው ይችላል፤ በጽሕፈት ቤት ለሚውልና ሰዓቱን ለልጁ ለማውረስ ለሚያስብ ግን ሰንፔር የተከፈለበትን ያህል ያገለግላል። የብርጭቆ መስተዋት ያለው ደግሞ ከመወልወሉ በፊት አቧራውን እፍ ብሎ ያባርር፤ ሰዓቱ ውኃ የማያስገባ ከሆነም አስቀድሞ በውኃ ያለቅልቀው፤ እጅጌውን ግን ይተው።