ኩበቱ ከምድጃ ወደ ማሳ ይመለስ

መግቢያ

በደጋውና በወይና ደጋው የአገራችን ክፍል በጋ ሲገባ በየቤቱ ግድግዳና በየአጥሩ ጥግ የተጠፈጠፈ ኩበት ይታያል። ከበረት የወጣው እበት ደርቆ ለእንጀራ መጋገሪያና ለወጥ መሥሪያ ይውላል፤ የተረፈውም ገበያ ይወጣል። ይህ ልማድ ከስንፍና የመጣ አይደለም። ደኑ ሲመናመንና የእንጨት መልቀሚያው ሲርቅ ቤተሰቡ ያገኘው መውጫ ነው። ሆኖም ኩበት በነደደ ቁጥር ማሳው ምግቡን ያጣል፤ በአፈር ውስጥ ሊቀመጥ ይችል የነበረው ካርቦንም ጢስ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ጉዳት በአንድ ጊዜ ለመቀነስ ማንኛውም ቤተሰብ ሊሠራው የሚችለውን እናቀርባለን።

የአየር ንብረት ለውጥና የእኛ ድርሻ

በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሬትን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ሙቀቷን ይይዛል። ፋብሪካዎች ከመስፋፋታቸው በፊት በአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ የዚህ ጋዝ ድርሻ 280 ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል። ጋቢው ስለወፈረ ሙቀቱ ጨምሯል፤ የዝናቡም ጠባይ እየተለወጠ ነው።

ለዚህ ዋናው ምክንያት ለብዙ ዘመናት የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ ሲያነዱ የኖሩት ባለ ኢንዱስትሪ አገሮች ናቸው። የአንድ ኢትዮጵያዊ ገበሬ ድርሻ ከእነሱ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ይሁን እንጂ በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአገራችን ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እንዳመለከተው፣ ከአገር ውስጥ ከሚወጣው ሙቀት አማቂ ጋዝ አብዛኛው የሚመጣው ከእርሻ፣ ከከብት እርባታና ከደን መመንጠር ነው። የማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ሥርጭትም በስትራቴጂው ቅድሚያ ከተሰጣቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ከጓሯችንና ከማጀታችን የራቀ አይደለም። ከዚህም በላይ፣ እርጥበትና ካርቦን ያለው አፈር የዝናብ መቆራረጥን ይችላል፤ የተራቆተ አፈር ግን አይችልም። ጥቅሙ በቅድሚያ የሚመለሰው ለሠሪው ነው።

ከኩበት ጋር የሚነደው ሀብት

በደረቅ እበት ውስጥ በአማካይ 1.5 በመቶ ያህል ናይትሮጂን አለ ብንል፣ በ10 ኩንታል ደረቅ ኩበት 15 ኪሎ ግራም ናይትሮጂን ይገኛል ማለት ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጂን ስለሆነ፣ ይህ መጠን 33 ኪሎ ግራም ያህል ዩሪያ ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው። ኩበቱ ሲነድ ናይትሮጂኑ ከጢሱ ጋር ይጠፋል፤ በአመዱ ውስጥ የሚቀረው ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ሌላው ማዕድን ብቻ ነው። እርግጥ የእበት ናይትሮጂን እንደ ዩሪያ ፈጥኖ አይደርስም፤ ቀስ እያለ በየዓመቱ ይለቀቃል። በሌላ በኩል ዩሪያ የማይሰጠውን ይሰጣል፤ ይኸውም አፈሩን ያለሰልሳል፣ ውኃ እንዲይዝም ያደርጋል።

ለዚህ ምስክሩ ሩቅ አይደለም። በየመንደሩ አመድና ፍግ የሚደፋበት የጓሮ መሬት ጥቁርና ለም ሲሆን፣ ፍግ የማይደርሰው የሩቅ ማሳ ግን እየሳሳ ይሄዳል። መሬቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ልዩነቱን ያመጣው የሰው እጅ ነው።

ከየት እንጀምር?

«ኩበት አታንድዱ» ብሎ መምከር ብቻውን ምክር አይሆንም፤ እራት መብሰል አለበትና። ስለዚህ መጀመሪያ የማገዶውን ፍላጎት መቀነስ፣ ቀጥሎ ሌላ ማገዶ ማልማት፣ ከዚያም የተረፈውን እበት ወደ አፈር መመለስ ይገባል።

1. ምድጃን ማሻሻል

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ወጡን ባያጣፍጥም ማገዶውን ግን ይቆጥባል። ቤት ውስጥ ከሚነደው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለእንጀራ መጋገሪያ የሚውል ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ ሥር ያለው እሳት በሁሉም አቅጣጫ ይባክናል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ እሳቱን ከብቦ ስለሚይዝ ከ40 እስከ 50 በመቶ ማገዶ ይቆጥባል። ጢሱም ስለሚቀንስ ለጋጋሪዋ ዓይንና ሳንባ እፎይታ ነው። ምድጃው ዝናብ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ፤ የምጣዱ ዙሪያ በጭቃ ይመረግ፤ እንጨቱም ተፈልጦና ደርቆ በጥቂት በጥቂቱ ይማገድ።

2. የማገዶ ዛፍ በአጥርና በድንበር ላይ መትከል

በደጋ ትሪሉሰርን፣ በወይና ደጋ ሰስፓኒያ ለዚህ ተስማሚ ናቸው። ቅጠላቸው ለከብት መኖ፣ ቅርንጫፋቸው ለማገዶ ይሆናል፤ ሥራቸውም ናይትሮጂን ወደ አፈር ያስገባል። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚደርስ ጠቃሚ ዛፍ ቢሆንም፣ ከምንጭና ከእርሻ ማሳ ርቆ መተከል አለበት። በየክረምቱ የሚተከለው ችግኝ ብዛት ብቻ ሳይሆን በጋውን የሚያልፈው ሊቆጠር እንደሚገባ እናሳስባለን። ስለዚህ ችግኙን ማጠርና ከከብት መጠበቅ የተከላው ግማሽ ሥራ ነው።

3. ብስባሽ ማዘጋጀት

ብስባሽን ለመጀመር የሚመረጠው ጊዜ መስከረምና ጥቅምት ነው፤ አረሙ ለምለም፣ አፈሩም እርጥብ ነውና። በዚህ ወቅት ከመሬት በላይ መከመር፣ በደረቁ ወራት ግን እርጥበት ለመጠበቅ በጉድጓድ ማዘጋጀት ይሻላል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦

ሀ) ጥላ ያለውና ጎርፍ የማያገኘው ቦታ መምረጥ፤ ወርዱ እስከ 1.5 ሜትር፣ ርዝመቱ እንደ አቅም ይሁን።

ለ) አየር እንዲገባ ከሥር የበቆሎ ወይም የማሽላ አገዳ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ማንጠፍ።

ሐ) በላዩ ደረቅ ገለባና ቅጠል፣ ቀጥሎ ለምለም አረም፣ ከዚያም ሽንት ከጠጣ የበረት ጉዝጓዝ ጋር እበት መደርደር፤ ጥቂት አፈርና አመድ መነስነስ። ቁመቱ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር እስኪደርስ ይህንኑ መደጋገም።

መ) በየደረጃው ውኃ ማርከፍከፍ። በእጅ ሲጨመቅ መዳፍን ካራሰ ግን ካልተንጠባጠበ እርጥበቱ በቂ ነው።

ሠ) ከላይ በሣር ወይም በሰፋፊ ቅጠል መሸፈንና ረጅም ዱላ መሐሉ ላይ መሰካት። ከሳምንት በኋላ ዱላው ሲነቀል ትኩስና እርጥብ ከሆነ ሥራው ተሳክቷል፤ ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውኃ ይጨመር፤ ርሶ መጥፎ ሽታ ካለው ተገልብጦ ደረቅ ገለባ ይግባበት።

ረ) በወሩ ማገላበጥ፤ ከዚያም አንድ ጊዜ መድገም። አየር ያጣ ክምር ሚቴን የተባለውን፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የበረታ ሙቀት አማቂ ጋዝ ስለሚያወጣ ማገላበጡ ለሁለት ነገር ይጠቅማል።

ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ ክምሩ ጠቁሮ፣ ተፈርፍሮ፣ የአፈር ሽታ ይይዛል። እስከ ሰኔ ድረስ ተሸፍኖ ይቆይ። ወደ ማሳ ሲወሰድም ፀሐይ ሳያደርቀው በዕለቱ ከአፈር ጋር ታርሶ ይቀላቀል። ለአንድ ጥማድ መሬት፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር ያህል፣ 20 ኩንታል ብስባሽ ጥሩ መጠን ነው። ይህ የማይሞላለት ገበሬ በጣም ከደከመው የማሳው ክፍል ይጀምር። ፕላስቲክ፣ ብርጭቆና ዘር የያዘ አረም በክምሩ ውስጥ መግባት የለባቸውም።

ከብስባሽም የተወሰነው ካርቦን ወደ አየር መመለሱ አይቀርም፤ ከፊሉ ግን በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። በ1988 ዓ.ም. ገደማ በትግራይ የተጀመረው የብስባሽ ሥራ፣ በደንብ የተዘጋጀ ብስባሽ በገበሬ ማሳ ላይ ከፋብሪካ ማዳበሪያ ጋር የሚወዳደር ምርት ሊያስገኝ እንደሚችል አሳይቷል።

ሌሎች ቀላል ተግባሮች

ስንዴን ወይም ገብስን ከባቄላ፣ ከሽምብራና ከምስር ጋር ማፈራረቅ የዩሪያን ፍላጎት ይቀንሳል። ቃርሚያን በማሳ ላይ አለማቃጠል ይመከራል። ከብዙ የተራቡ ከብቶች ይልቅ ጥቂት የጠገቡትን መያዝ፣ ለአንድ ሊትር ወተት የሚወጣውን ሚቴን ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ መብራታችን በአብዛኛው ከውኃ ኃይል ስለሚገኝ፣ የከተማ ቤተሰብ በኤሌክትሪክ ምጣድ ቢጋግር የገጠሩን ዛፍ ያተርፋል። የአትክልት ልጣጭና የቡና አተላም በጓሮ ቢበሰብስ ለጎመን ምግብ ይሆናል።

ማጠቃለያ

አንድ ምድጃ ወይም አንድ የብስባሽ ክምር የዓለምን አየር አይለውጥም። ሆኖም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» ነውና፣ ሥራው በየቤቱ ሲዳረስ ውጤቱ በማሳም በአየርም ይታያል። ዘንድሮ ሁሉን ለመሥራት የማይችል ቤተሰብ በአንድ ምድጃና በአንድ ክምር ይጀምር፤ ብስባሽ ባገኘውና ባላገኘው ማሳ መካከል ያለውን ልዩነትም በአጨዳ ጊዜ ራሱ ያመዛዝን። ለተጨማሪ ማብራሪያ በአቅራቢያ የሚገኘውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ መጠየቅ ይቻላል።