በመከራ ስለ መመካት፤ የሮሜ ምዕራፍ 5 ሐተታ

ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 5፥ ክርስቲያን በመከራው ይመካ ዘንድ ያስተምራል፤ ከመከራ ተነሥቶ በትዕግሥት በኩል እስከ ተስፋ የሚያደርስ መሰላልም ያቆማል። ይህ ነገር ለሰሚው ጭንቅ ነው። ከአምቦ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ፥ በባኮ ምድር ያለ ገበሬ በጥማድ በሬ የሚያርስ ነው፤ በሬው ቢሞትበት እርሻው ጦም ያድራል፥ ቤቱም ይራባል። እንግዲህ በምን ይመካል ቢሉ፤ ሐዋርያው መከራን መልካም ነው አላለም።

ይህም በአገራችን ታሪክ ይታወቃል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምፅዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ በሬውን ፈጀ፤ ድርቅ፥ አንበጣና ተምችም ተጨመሩበት፤ እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ረኃብ «ክፉ ቀን» ተባለ። የበሽታው ስም ግን በአማርኛ «ደስታ» ነው። ሁለቱን ስም አስተያይ። በሽታን ደስታ ማለት ስሙን ይለውጣል እንጂ ሥራውን አይለውጥም፤ ቀኑን ክፉ ያሉ አባቶች ግን እውነት ተናገሩ። ሐዋርያውም ክፉውን መልካም በለው አላለም፤ በክፉው መካከል ሳለህ እግዚአብሔር እንዳልራቀህ እወቅ ማለቱ ነው እንጂ።

አንድም፤ መከራ ብቻውን ትዕግሥትን አይወልድም። በአንድ ችግር ውስጥ ካለፉ ሁለት ወንድማማች አንዱ ርኅሩኅ፥ ሁለተኛው ጨካኝ ሆኖ ይወጣል፤ እሳት ሸክላውን ሲያጸና ገለባውን እንደሚያነድ ነው። መከራ ትዕግሥትን የሚወልደው ከእምነት ጋር ሲገናኝ ነው።

አንድም፤ ይህ ቃል ስለ ራስህ መከራ ነው እንጂ ባልንጀራህን ዝም ታሰኝበት ዘንድ አይደለም። የኢዮብ ወዳጆች 7 ቀንና 7 ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ መከራውን ሊተረጉሙለት አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ግን በደሉ፥ እግዚአብሔርም ተቆጣቸው። ደቀ መዛሙርትም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በደለኛው ማን እንደ ሆነ በጠየቁ ጊዜ፥ ጌታ በደለኛ አላወጣም፤ ዓይኑን አበራለት።

አፄ ምኒልክም በክፉው ቀን፥ በሬ ባለቀ ጊዜ፥ ሕዝቡ በእጁ መቆፈርን እንዳያፍር ራሳቸው ዶማ አንሥተው መሬት ቆፈሩ። ለተራበው ሰው ከብዙ ስብከት ይልቅ የሚገባው ትርጓሜ ይህ ነበረ። ያ የከብት በሽታም ከብዙ ዘመን ድካምና ክትባት በኋላ፥ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ። ተስፋ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ እንዳይደለ ከዚህ ይታወቃል።

እንግዲህ የምታነብ ሆይ፥ ካህን ብትሆን ባለጸጋም ብትሆን፥ የራስህ በሬ ሲሞት ይህን ምዕራፍ ለራስህ አንብብ። የጎረቤትህ በሬ ሲሞት ግን አስቀድመህ በሬህን አውሰው፤ ትርጓሜው እርሻው ካለቀ በኋላ ይደርሳል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።