ትምህርትና የሰውነት ማጎልመሻ
(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



ወላጅ ልጁን ወደ ከፍተኛ ትምህርት በሚልክበት ጊዜ ስለ ምግቡ፣ ስለ ልብሱና ስለ ደብተሩ ይጨነቃል። ስለ ልቡና ስለ ሳንባው የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። «ወጣት አይደለም ወይ? ምን ይጎድለዋል?» ይባላል። ዛሬ ልናስረዳችሁ የምንወደው፣ ተማሪ በኮሌጅ ዘመኑ ሰውነቱን ካልጠበቀ ወጣትነቱ ብቻውን እንደማይጠብቀው፣ ጥበቃውም ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ መሆኑን ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ዋሂል በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ የምትገኝ የገጠር ቀበሌ ናት። በእንዲህ ያለ ገጠር የሚያድግ ልጅ ውሃ ይቀዳል፤ ፍየል ይጠብቃል፤ በማሽላው እርሻ ይደክማል፤ ትምህርት ቤትና ገበያም ደርሶ የሚመለሰው በእግሩ ነው። ማንም «ስፖርት ሥራ» ሳይለው ልቡና ጡንቻው ሲሠለጥኑ ይውላሉ። ይኸው ልጅ ፈተናውን አልፎ፣ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ወደ ጀመረው ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ሌላ ኮሌጅ ሲገባ ግን ኑሮው በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ከመኝታ ክፍል ወደ ምግብ ቤት፣ ከምግብ ቤት ወደ መማሪያ ክፍል ጥቂት እርምጃ ይራመዳል፤ የቀረውን ሰዓት በወንበር ላይ ያሳልፋል። አእምሮው ሲጎለምስ ሰውነቱ ይደክማል ማለት ነው።

የእግር ጉዞና ሩጫ ምን ያህል እንደሚያበረታ ከኃይሌ ገብረ ሥላሴ ታሪክ መማር ይቻላል። ኃይሌ በአርሲ ገጠር ሲያድግ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ይሄድ፣ ያንኑ ያህል ሮጦ ይመለስ ነበር። ደብተሩን ይዞበት የነበረው ግራ እጁ፣ በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ በሲድኒ በ10,000 ሜትር ባሸነፈ ጊዜ እንኳ ታጥፎ ይታይ ነበር። ተማሪው ሁሉ ኃይሌን ይሁን አንልም፤ ነገር ግን ትምህርትና ሩጫ ጠላቶች አለመሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

ልብ ጡንቻ ስለ ሆነ በሥራ ይበረታል፤ በመቀመጥ ይደክማል። የሠለጠነ ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚረጭ፣ ባለቤቱ በሚያርፍበት ጊዜ ዝግ ብሎ ይመታል። እንቅስቃሴ እንቅልፍን ያሳምራል፤ ጭንቀትን ያቀላል፤ ኋላ የሚመጡትን የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ለመከላከልም ይረዳል።

መጠኑስ ምን ያህል ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜው ከ18 እስከ 64 ዓመት የሆነ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም 75 ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ከዚህም ጋር በሳምንት 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲጨምር ይመክራል። 150 ደቂቃ ለ5 ቀን ሲከፈል በቀን 30 ደቂቃ ነው፤ ይህም ከቀኑ 48 እጅ አንዱ ብቻ ነው። «መካከለኛ» የሚባለውም፣ እየተራመደ መነጋገር የሚችል፣ መዝፈን ግን የሚያቅተው ሰው የሚሠራው ነው።

ጀማሪ በመጀመሪያው ሳምንት 10 ደቂቃ ፈጠን ብሎ ይራመድ፤ ከዚያም ጥቂት በጥቂት ይጨምር። ለጡንቻ፣ በእጅ መሬት ተደግፎ ዝቅና ከፍ ማለት፣ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ ገመድ መዝለል ይበቃል። ሴት ተማሪዎች በአደባባይ ለመሮጥ የማይመቻቸው ከሆነ ይህን ሁሉ በግቢያቸው መሥራት ይችላሉ። ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን የሚስት ተማሪ ግን አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

ድሬዳዋን የመሰለ ቆላ የራሱን ጥንቃቄ ይሻል። ሰውነት የሚቀዘቅዘው ላብ ሲተን ነው፤ የላበውም ውሃ ካልተተካ ሙቀቱ በውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ እንቅስቃሴው በማለዳ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይሁን። ከደጋ የመጣ ተማሪ ሙቀቱን እስኪለምድ ድረስ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ራሱን ይቆጥብ። ሯጭ ራሱ ከዞረበትና ካቅለሸለሸው ወዲያው ያቁም፤ ጥላ ውስጥ ገብቶ ውሃ ይጠጣ፤ ንግግሩ ከተዘባረቀ ደግሞ ጓደኞቹ ውሃ እያፈሰሱበት በፍጥነት ወደ ሐኪም ያድርሱት። ጿሚም በቀኑ ግለት አይሩጥ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በደረቀ ጊዜ ለሩጫ የሚመች ቢመስልም፣ በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በሌሊት ድንገት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን መግደሉ ሊዘነጋ አይገባም፤ በዝናብ ወራት ከወንዙ መራቅ ይሻላል።

በመጨረሻ ስለ ጫት አንድ ቃል እንጨምር። በፈተና ሰሞን እንቅልፍን ለማባረር የሚቅሙ ተማሪዎች አሉ። ጫት ድካምን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ እንቅልፍን ይነሣል። ቀን የተጠናው ትምህርት በአእምሮ የሚጸናው ግን በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ቅሞ የሚሮጥም በልቡ ላይ ሁለት ሸክም ይጭናል። ከሌሊት ሙሉ ጥናት ይልቅ ግማሽ ሰዓት ተራምዶ፣ አጥንቶ፣ በጊዜ መተኛት ለፈተና ይጠቅማል።

እናንተም የመንግሥት ሠራተኞች የምትውሉት በወንበር ላይ ነውና ይህ ምክር ለተማሪ ብቻ የተነገረ አይደለም። ልጅ ከሚሰማው ይልቅ የሚያየውን ይከተላል። ለዕረፍት ወደ ቤት የተመለሰውን ተማሪ «ተነሥ፣ አብረን እንራመድ» ብትሉት፣ ከብዙ ተግሣጽ የበለጠ ትጠቅሙታላችሁ፤ ራሳችሁንም ትጠቅማላችሁ።