ለቅሶ ከመድረስ በፊት

በዚህ ዓመት የትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ የረጅም ጊዜ ወዳጁን በሞት አጥቷል። ጓደኛችን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን አማርኛ ታስነብብ ነበር፤ በሌሎቹ ቀናት ደግሞ እዚሁ ካምፓላ በሆስፒስ በበጎ ፈቃድ ታገለግል ነበር። ብዙዎቻችን «ሆስፒስ» ሲባል ሰው ሊሞት የሚገባበት ቤት ይመስለን ነበር። ያረመችን እርሷ ስለሆነች፣ ያስተማረችንን በመጻፍ ልናስታውሳት ወደድን።

ሆስፒስ የእንክብካቤ ዓይነት ነው። የማይድን ሕመም የያዘው ሰው ሥቃዩ እንዲቀልለት፣ ጭንቀቱ እንዲደመጥለት፣ ቤተሰቡም እንዳይወድቅ ይደግፋል። ዘመናዊው አሠራር የተስፋፋው ሲስሊ ሳንደርስ የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከከፈቱ ወዲህ ነው። እዚህ ኡጋንዳ ዶክተር አን ሜሪማን በ1993 ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳን መሠረቱ። በአዲስ አበባም ሆስፒስ ኢትዮጵያ በ2003 ተቋቁሟል።

በኡጋንዳ አብዛኛው ሥራ የሚከናወነው በሕመምተኛው ቤት ነው። ዋናው መድኃኒት የሞርፊን ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ የሚዘጋጅ፣ በየ4 ሰዓቱ የሚጠጣ ርካሽ ፈሳሽ ነው። ሐኪም በሌለበት አካባቢ ሰው እንዳይሠቃይ፣ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችም እንዲያዝዙት ከ2004 ጀምሮ ተፈቅዷል።

ጓደኛችን ሐኪም አልነበረችም። የምትጠራው አማርኛ ተናጋሪ ሕመምተኛ ሲኖር ነበር። ነርሷ «ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ያገራችን ሽማግሌ ግን «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ነርሷ 0 ከመጻፏ በፊት ጓደኛችን «አባባ፣ ሌሊት እንቅልፍ ወሰድዎት?» ትላለች። ያን ጊዜ «ከተኛሁ ሦስት ሌሊቴ ነው፣ ልጄ» የሚል መልስ ይመጣል። መድኃኒቱ የሚለካው በዚህኛው መልስ ነው።

እኛንም አንድ ጊዜ ከስሕተት መልሳናለች። ከዓመታት በፊት የአንድ ተማሪያችን እናት በጠና ስትታመም፣ ልጁ እንዳይጨነቅ ብለን ከቤተሰቡ ጋር ነገሩን ደበቅነው። ልጁ ግን ትልልቆቹ ሲንሾካሾኩ እያየ ጥፋቱ የእርሱ መሰለው። ጓደኛችን ይህን ስትሰማ አባትየውን አማከረች፤ አባትየውም በራሱ አንደበት ነገረው። ልጁ የቀሩትን ሳምንታት የቤት ሥራውን የሠራው ከእናቱ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ነው። ከዚያ ወዲህ በተማሪ ቤት ጽኑ ሕመም ሲገባ፣ ልጁ ምን እንደሚያውቅና እኛ ምን ብለን እንደምናናግረው አስቀድመን ወላጆችን እንጠይቃለን።

እርሷ ራሷ ስትታመም አልደበቀችንም። ተራ ገብተን ጠየቅናት፤ ያስነበበቻቸው ልጆችም በተራቸው አነበቡላት።

እድራችን ድንኳን ለመትከል፣ ንፍሮ ለመቀቀል ማንም አይቀድመውም። ጓደኛችን «ለለቅሶ የምንፈጥነውን ያህል ለመጠየቅም እንፍጠን» ትለን ነበር። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ጎረቤት ሲታመም አትዘግዩ። ምክር አታብዙ፤ ተቀመጡና አዳምጡ። አስታማሚዋንም «እኔ አለሁ፣ አንቺ ሁለት ሰዓት ተኚ» በሏት። ተማሪዎች ደግሞ መጽሐፍ ይዛችሁ ሂዱና አንብቡላቸው።