ጎዶሎዎቹ አድራሻዎች

የቴሌቪዥን ሪሲቨሩ ወደ እኛ ሱቅ ከመምጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ተከፍቶ ነበር። ሌላ ሰፈር ያለ ጠጋኝ የፍላሽ ቺፑን በሙቅ አየር አንስቶ በአዲስ ተክቶታል፤ በአሮጌው ላይ የነበረውንም ሙሉ ይዘት፣ ኢሜጁን፣ ባይት በባይት ገልብጦበታል። ፕሮግራመር የሚባለው የቺፕ መጻፊያ መሣሪያው ሁለቱን አስተያይቶ ልዩነት የለም ብሏል። ኢሜጁን በፍላሽ ዲስክ ስለላከልን እኛም ቺፑን ጠርገን እንደገና ጻፍንበት፣ እንደገና አስተያየነው። ያው ነው። ሪሲቨሩ ግን አርማውን ያሳይና ይቆማል፤ ጥቂት ቆይቶ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል፤ አሁንም አርማው ላይ ይቆማል።

የሪሲቨሩ ባለቤት አል-ሳሃፋ ውስጥ ምግብ ቤት የነበራት ኢትዮጵያዊት ነበረች። ከሱዳኑ ጦርነት በፊት የነበረውን ደቡብ ካርቱም ያየ ሰው ሰፈሩን ያውቀዋል፦ ከአገር አቋራጭ አውቶቡሶች መናኸሪያ ከሚና አል-በሪ ብዙም ያልራቀ፣ ሐበሻ የበዛበት፣ አማርኛና ትግርኛ ከዓረብኛው ጋር ተቀላቅሎ የሚሰማበት። ደንበኞቿ የሚመጡት ለሽሮውም ለኳሱም ነበር። «ወንድሜ፣ ቅዳሜ ጨዋታ አለ። የማይሆን ከሆነ ቁርጡን ንገረኝና ሌላ ልግዛ» አለችኝ። ሱዳናዊው ባልደረባዬ ክዳኑን ሳይከፍት ፈርዶ ነበር፦ «ያ ዙል፣ ፍላሹ ሞቷል።» አዲሱም ሞተ ማለቱ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርነው መብራትን ነው። የካርቱም መብራት ተናግሮ አይሄድም ነበር፣ በየሱቁ ለሚከመረው የተበላሸ ዕቃም ግማሹን ጥፋት ተሸካሚው እሱ ነበር። ይሁንና በዚህ ሪሲቨር ላይ ያለው ጄፍስ2 የተባለው የፋይል ሥርዓት የተሠራው መብራት ድንገት ለሚጠፋበት ዓለም ነው። አባቱ ጄፍስ እ.ኤ.አ. በ1999 በስዊድኗ ሉንድ ከተማ፣ የኔትወርክ ካሜራ በሚሠራው አክሲስ ኩባንያ ውስጥ ተወለደ። ሁለተኛውን ዴቪድ ውድሃውስ ሬድ ሃት በተባለው ኩባንያ እያለ አዘጋጀው፤ በ2001 ኦታዋ ላይ በተካሄደው የሊኑክስ ሲምፖዚየምም አቀረበው። ፋይል ሲለወጥ በአሮጌው ላይ አይደርብም። አዲሱን ቁራጭ ባዶ ቦታ ላይ ይጽፍና አሮጌውን የተሻረ አድርጎ ይቆጥረዋል። መብራት በመሃል ቢሄድ የሚጎድለው ያልተጨረሰው ቁራጭ ነው፤ የቀረው አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የገቡት ነጭና አረንጓዴዎቹ የልጆች ላፕቶፖችም ፋይላቸውን የሚይዙት በዚሁ ሥርዓት ነበር። እናም መብራትን ለጊዜው ነጻ አወጣነው።

አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ሌላ ከተማ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ላያስፈልግ ይችል ነበር። የአምራቹን ኢሜጅ አውርዶ መጫን ነው። ሱዳን ግን ከ1997 እስከ ጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ሥር ኖራለች። በ2010 መጀመሪያ ሶርስፎርጅ የተባለው ትልቅ የነጻ ሶፍትዌር ማከማቻ እንኳ ከሱዳን ለሚመጣ በሩን ዘግቶ ነበር። የካርቱም ጠጋኝ ታዲያ ከኢንተርኔት ሳይሆን ከእህት መሣሪያ መገልበጥን ለመደ፤ ጤነኛውን ይከፍታል፣ ቺፑን ያነባል፣ በታመመው ላይ ይጽፋል። ማዕቀቡ ተነሥቶም ልማዱ አልሄደም። በዚህ መንገድ የዳነው ዕቃ ብዛቱን እግዜር ይወቀው፤ እኔ በበኩሌ ለእነዚህ ጠጋኞች ባርኔጣዬን አነሳለሁ። መገልበጥ የማይነግርህ አንድ ነገር እንዳለ ያየነው በዚህ ሪሲቨር ነው።

ከሰርኪዩት ቦርዱ ጥግ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ሦስት ሽቦ በየድን፦ መሬት፣ መላኪያ፣ መቀበያ። በ3.3 ቮልት የዩኤስቢ ማገናኛ በኩል፣ በ115200 ፍጥነት፣ ሪሲቨሩ ሲነሳ ለራሱ የሚያወራውን ላፕቶፑ ላይ ማንበብ ቻልን። ከርነሉ፣ የሪሲቨሩ ሊኑክስ እምብርት፣ በደህና ተነሳ። የፋይል ሥርዓቱ ሲጫን ግን የስሞታ ጎርፍ ወረደ፤ ዓይን ሊከተለው አይችልም። ባልደረባዬ ፈገግ አለ። «አላልኩህም?»

ጎርፉን ወደ ፋይል አስቀምጠን ኢሜጁን በላፕቶፑ ላይ ለብቻው ለመክፈት ሞከርን። ሊኑክስ ከሜሞሪ ላይ የውሸት ፍላሽ የሚሠራ ሞጁል አለው፤ ኢሜጁ በዚያ ላይ ሲፈስ እውነተኛ ቺፕ ላይ ያለ ይመስለዋል። ላፕቶፑ ወዲያው ቅሬታ አሰማ፦ የቁራጮቹ መለያ ቁጥር ተገልብጧል። የጄፍስ2 ቁራጭ ሁሉ የሚጀምረው በመለያ ቁጥሩ በ1985 ነው፤ ላፕቶፑ ያነበበው 8519 ነበር። (በከርነሉ ምንጭ ኮድ ውስጥ ለዚህ ለተገለበጠ ቁጥር የተሰጠው ስምም ፊደሎቹ ከኋላ ወደፊት የተጻፉ ናቸው፤ የሶፍትዌር ሰዎች ቀልድ እንዲህ ነው።) «ሌላኛው ጠጋኝ ሲገለብጥ ባይቶቹን አገላብጧቸዋል ማለት ነው!» ብለን ደስ አለን።

ደስታው አልቆየም። ጎረቤት ካለ ቡና ቤት ተመሳሳይ ጤነኛ ሪሲቨር ለምነን ቺፑን አነበብን። የእሱም ኢሜጅ ላፕቶፑ ላይ 8519 ሆኖ ወጣ። የሪሲቨሩ ፕሮሰሰር ፓወር ፒሲ ነው፤ ቁጥርን ሲያስቀምጥ ከትልቁ ባይት ይጀምራል። የእኛ ላፕቶፕ ደግሞ ከትንሹ። በቺፑ ላይ 19 85 ብሎ በቅደም ተከተል የተጻፈውን ሁለቱ በተለያየ አቅጣጫ ያነቡታል እንጂ ኢሜጁ ምንም አልሆነም።

ባይቶቹን ላፕቶፑ በሚገባው ቅደም ተከተል ቀይረን የታመመውን ኢሜጅ እንደገና ከፈትነው። አሁን ያለ አንዲት ስሞታ ተከፈተ። ፋይሎቹ ሁሉ አሉ፣ ሁሉም ሙሉ ናቸው። ባልደረባዬ ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ያው ባይት ላፕቶፑ ላይ ጤነኛ ነው፣ ሪሲቨሩ ላይ በሽተኛ። ቺፑ የያዘውን ያጣ እንዳንል ፕሮግራመሩ ሁሉንም አንብቦ አስተያይቷል።

ወደ ጎርፉ ተመለስን፤ ያስቀመጥነውን ፋይል ከላይ ጀምሮ ቀስ ብለን አነበብን። ስሞታው የትም ቦታ የተበተነ አልነበረም። «መለያው እዚህ የለም» የሚለው መስመር የሚጀምረው አድራሻ 00010000 ላይ ነው። ቀጥሎ 00010004፣ ቀጥሎ 00010008፤ አሥር መስመር ከወረደ በኋላ ከርነሉ «ለዚህ ብሎክ ከእንግዲህ አልናገርም» ይልና ያልፋል። የሚቀጥለው ስሞታ 00030000 ላይ ነው። ከዚያ 00050000። ከዚያ 00070000። በመካከል ያሉት 00020000ና 00040000 ሰላም ናቸው። አንድ፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፤ ጎዶሎ ጎዶሎው ብቻ። የሞተ ቺፕ እንዲህ ቆጥሮ አይሞትም።

የፍላሽ ሜሞሪ ጠባይ እንደ ተማሪ ቤት ሰሌዳ ነው፦ ሲጽፉበት ፊደል በፊደል፣ ሲያጠፉት ግን ሰሌዳውን በሙሉ። በአንድ ጊዜ የሚጠፋው ስፋት ብሎክ ይባላል፤ ስፋቱም በቺፑ ዓይነት ይለያያል። ጄፍስ2 አንድን ቁራጭ ከአንድ ብሎክ አሻግሮ አይጽፍም፤ የብሎኩ መጨረሻ ላይ ቦታ ካጣ ቀሪውን ትቶ በቀጣዩ ይጀምራል። እንግዲህ ኢሜጁ የተጻፈው ብሎኩ ሰፊ ለሆነ ቺፕ ቢሆንስ? የተቀመጠበት ደግሞ ጠባብ ቢሆን?

በታመመው ሪሲቨር ኮንሶል፣ በሦስቱ ሽቦ በኩል በምናነበው ገጽ፣ ላይ ከርነሉ ስለ ፍላሹ የሚያውቀውን የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ጠየቅን። የብሎክ ስፋት፦ 00010000። በአሥራ ስድስት ቤት ቁጥር ነው፤ 64 ኪሎ ባይት። በጎረቤት ቡና ቤቱ ሪሲቨር ላይ ያንኑ ጠየቅን፦ 00020000። 128 ኪሎ ባይት።

ሁለቱም ቺፖች 16 ሜጋ ባይት ናቸው፤ እግራቸውም አንድ ነው። አንዱ በ128 ብሎክ ተከፍሏል፣ ሌላው በ256። ከርነሉ ሲነሳ የብሎኩን ስፋት የሚጠይቀው ራሱን ቺፑን ነው፤ ቺፑም አልዋሸም። ስለዚህ ከርነሉ 64 ኪሎ ባይት ላይ ድንበር አለ ብሎ አመነ። በኢሜጁ ውስጥ ግን እዚያ ቦታ ድንበር አልነበረም፤ የአንድ ፋይል ቁራጭ መስመሩን አቋርጦ ተጋድሟል። ከርነሉ ያንን ቁራጭ ጣለው፣ ከመስመሩ ማዶ ያገኘውንም ግማሽ አካል መለያ የለውም ብሎ ጮኸ። እስከ 4 ኪሎ ባይት የሚደርስ ይዘት የያዘ አንድ ቁራጭ በየ128 ኪሎ ባይቱ ይጠፋል፤ ፋይሉ ሲነበብ በቦታው ዜሮ ይሞላል። የሪሲቨሩ ዋና ፕሮግራም መሃሉ ላይ ዜሮ አግኝቶ ይወድቃል፣ መሣሪያው ራሱን ያስነሳል፣ አርማው ይመጣል። ላፕቶፑ ለምን ዝም አለ ቢሉ፣ የውሸት ፍላሹ ካልነገሩት በቀር የሚመርጠው የብሎክ ስፋት 128 ኪሎ ባይት ነው። በአጋጣሚ ትክክለኛውን ሰሌዳ ሰጥተነው ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው በጎርፉ መሃል ያለፈችውን መስመር ያየናት። ቁራጩ ከብሎኩ መጨረሻ ያልፋል ካለ በኋላ ከርነሉ ራሱ ይጠይቃል፦ ምናልባት የፋይል ሥርዓቱ በተሳሳተ የብሎክ ስፋት ተሠርቶ ይሆን? በየብሎኩ አሥር አሥር መስመር ጩኸት ከቧት ማን ያንብባት! ይህን ኮድ የጻፉት ሰዎች ችግሩን አስቀድመው አውቀውታል፤ እንዲህ ያለ ቃል ግን ከጩኸቱ በታች ሳይሆን ከላይ፣ አንድ ጊዜ፣ ለብቻው መታተም ነበረበት እላለሁ።

ጥገናው አጭር ነበር። ላፕቶፑ ላይ ከተከፈተው ኢሜጅ ፋይሎቹን አወጣን፤ የብሎኩ ስፋት 64 ኪሎ ባይት፣ የባይቱ ቅደም ተከተል ከትልቁ ጀምሮ እንዲሆን አዝዘን አዲስ ኢሜጅ ሠራን፤ ጻፍነው። ኮንሶሉ ላይ የፋይል ሥርዓቱ ተጫነ የሚል አንድ መስመር ወጣ፣ ቀጥሎ የቻናሎቹ ዝርዝር። ሴትዮዋ ሪሲቨሯን የወሰደችው ለጨዋታው ደርሳ ነው፤ የቻናሎቹ ቅደም ተከተል እንኳ እንዳስተካከለችው ነበር።

የመጀመሪያውን ጠጋኝ ሱቁ ሄደን አገኘነው። ሻይ አዘዘልንና የቺፕ መሳቢያውን ሳበ፤ 16 ሜጋ ባይት የተባሉት ሁሉ በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ነበሩ። በላያቸው የታተመውን ቁጥር አንድ በአንድ እያነበብን 128ቱን ወደ አንድ፣ 64ቱን ወደ ሌላ ለየናቸው። ቁጥራቸው የተፋቀ ጥቂቶች ቀሩ፤ እነሱን ፕሮግራመሩ ላይ እየሰካ ራሳቸውን ይጠይቃቸው ጀመር።