በክረምት ሣር ውስጥ የሚበቅሉ ትናንሽ እንጉዳዮች፡ ለአፈር ያላቸው ጥቅምና የሚያስፈልጋቸው ጥንቃቄ

በደቡብ ወሎ ዞን ምዕራባዊ ደጋማ አካባቢዎች የክረምቱ ዝናብ ሲጠነክር በግጦሽ ሜዳዎች፣ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢዎች እንዲሁም በመሥሪያ ቤቶች ዙሪያ ባለው ሣር ውስጥ ትናንሽ እንጉዳዮች ብቅ ይላሉ። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው መካነ ሰላምና በአካባቢዋ ለሚሠሩ የግብርና፣ የጤናና የትምህርት ባለሙያዎች ጉዳዩ በሁለት መልኩ ይመለከታቸዋል። እንጉዳዮቹ ለአፈር ለምነት ጠቃሚ ሲሆኑ፣ ሳይለዩ የበሏቸው እንደሆነ ግን ሕይወት ሊያጠፉ ይችላሉ።

ኅብረተሰቡ ብዙውን ጊዜ “የጅብ ጥላ” እያለ የሚጠራው እንጉዳይ ተክል አይደለም። አረንጓዴ ቅጠል ስለሌለው ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን ማዘጋጀት አይችልም። ዋናው አካሉ በአፈር ውስጥ የተዘረጋ የቀጫጭን ክሮች መረብ ሲሆን፣ ከመሬት በላይ የሚታየው ጃንጥላ መሰል ክፍል ዘር የሚበትንበት ፍሬው ነው። አፈሩ በቂ እርጥበት ሲያገኝ አስቀድሞ የተዘጋጀው ፍሬ ውኃ እየመጠጠ በአጭር ጊዜ ያብጣል። “እንደ እንጉዳይ ፈላ” የሚለው አነጋገርም ይህንኑ ፈጣን እድገት የሚገልጽ ነው።

በሣር ላይ የሚበቅሉ በርካታ የእንጉዳይ ዓይነቶች የሚመገቡት የደረቀ ሣርን፣ የሞተ ሥርንና የከብት እበትን ነው። እነዚህን በማበስበስም በውስጣቸው የሚገኘውን ናይትሮጅንና ሌሎች ንጥረ ነገሮች ለሣሩ ይመልሳሉ። አንዳንዶቹ ክሮቻቸው ከመሐል ወደ ዳር እየሰፉ ስለሚሄዱ እንጉዳዮቹ በክብ መስመር ተሰልፈው ይታያሉ። በክቡ ጠርዝ ያለው ሣር ከሌላው ይልቅ ጠቆር ያለ አረንጓዴ የሚሆነውም በተለቀቀው ናይትሮጅን ምክንያት ነው። በመሆኑም በሜዳ ላይ እንጉዳይ መታየቱ አፈሩ ሕይወት ያለው መሆኑን እንጂ መበላሸቱን አያመለክትም። ፍሬውን ነቅሎ መጣልም ከመሬት በታች ያለውን አካል አያጠፋውም። ሆኖም ሕፃናት በሚጫወቱበት ሥፍራ ፍሬውን ለቅሞ ማስወገድ ተገቢ ነው።

አደጋው የሚመጣው እንጉዳዩ ለምግብነት ሲለቀም ነው። ትንሽነት የመርዝ አነስተኛነት ምልክት አይደለም። ለአብነት ያህል በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የምትታወቀው፣ በሣር ሜዳና በመንገድ ዳር የምትበቅለው “ፎሊዮቲና ሩጎሳ” የተባለች ትንሽ ቡናማ እንጉዳይ አማቶክሲን የተሰኘ ጉበትን የሚያጠፋ መርዝ አላት። ይህ መርዝ በመቀቀልም ሆነ በማድረቅ አይጠፋም። በቀለም፣ በሽታ፣ በጣዕም ወይም ከብት በላው በሚል የሚደረግ ፍተሻም መርዛማውን ከሚበላው ለመለየት አያስችልም። በአውሮፓ የግጦሽ ሜዳዎች የሚበላው ክብ ሠሪ እንጉዳይና መርዛማ የሆነው ነጣ ያለ አምሳያው በአንድ ሥፍራ ጎን ለጎን የሚበቅሉበት ጊዜ መኖሩ የችግሩን ውስብስብነት ያሳያል።

ለጤና ባለሙያዎች የሕመሙ ምልክት የጀመረበት ሰዓት ትልቅ ትርጉም አለው። ሙስካሪን የተባለውን መርዝ የያዘ እንጉዳይ የበላ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሰዓት ውስጥ ብዙ ላብና ምራቅ ያወጣል፤ የዓይኑ ብሌንም ይጠብባል። በአንጻሩ በአማቶክሲን የተመረዘ ሰው ማስመለስና ተቅማጥ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያም ለጊዜው የተሻለው ቢመስልም ጉበቱ መጎዳቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ዘግይቶ የጀመረ ሕመም ይበልጥ አስጊ ሲሆን፣ ታማሚው ሻል ቢለውም እንኳ ወደ ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል። የተረፈውን እንጉዳይ ወይም ምግብ ይዞ መሄድም ለምርመራው ይረዳል።

በዚህ ረገድ የቻይናዋ ዩናን ግዛት ተሞክሮ ትምህርት ሰጪ ነው። በግዛቲቱ ደጋማ መንደሮች በየክረምቱ ምክንያቱ ያልታወቀ ድንገተኛ ሞት ይከሰት የነበረ ሲሆን፣ በ30 ዓመታት ውስጥ ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች መሞታቸው ተመልክቷል። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ክስተቱን በበሰበሰ እንጨት ላይ ከምትበቅል ትንሽ ነጭ እንጉዳይ ጋር አያይዘውታል። ለቃሚዎች ዋጋ የሚያወጡትን እንጉዳዮች ለገበያ ሲያቀርቡ ገዢ የሌላትን ይህችን እንጉዳይ ለቤታቸው ያስቀሩ ነበር። ነዋሪዎች እንዳይበሏት በየመንደሩ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ በኋላ የሞት አደጋው ቀንሷል።

በኢትዮጵያም እንጉዳይን ከትውልድ ወደ ትውልድ በተላለፈ ዕውቀት የሚመገቡ ማኅበረሰቦች አሉ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል አሶሳ ዞን መንጌ ወረዳ ከምስጥ ኩይሳ ጋር ተያይዘው የሚበቅሉ እንጉዳዮች ለምግብነት እንደሚውሉ ጥናቶች አረጋግጠዋል። ይሁንና ይህ ዕውቀት በአካባቢው ለሚገኙት ዓይነቶች የሚያገለግል በመሆኑ ወደ ወሎ ደጋ ሜዳ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። እንጉዳይን ለምግብነት ወይም ለገቢ ምንጭነት ለሚፈልጉ ዝርያው የታወቀውን፣ በጭድና በሌሎች የሰብል ተረፈ ምርቶች ላይ የሚለማውን የኦይስተር እንጉዳይ ማምረት አስተማማኙ አማራጭ ነው።

በመሆኑም ዝናቡ ከመጠንከሩ አስቀድሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለቤተሰቦች፣ መምህራን ለተማሪዎች፣ የግብርና ልማት ሠራተኞችም ለአርሶ አደሮችና ለእረኞች አንድ ዓይነት መልዕክት ቢያስተላልፉ ጉዳትን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል። መልዕክቱም በባለሙያ ያልተለየ የሜዳ እንጉዳይ አይበላም፤ የበላ ሰው ካለም ሕመሙ እስኪጀምረው ሳይጠበቅ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ተቋም ይወሰድ የሚል ነው።